የንስሐ አባቴንና ሐኪሜን እንዴት ላግባባ?

የዘወትር ጸሎት ሳደርስ አንዲት ቃል የዘለልኩ ከመሰለኝ ከ«በስመ አብ» እጀምራለሁ፤ አንዳንዴ ሳልተኛ ይነጋል። የሥነ ልቦና ሐኪሜ ሕመሙ ኦሲዲ (የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየመላለሰ፣ እጅ እንደ መታጠብ ያለ ድርጊትን ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም) መሆኑን ነግራኛለች። ሕክምናው፣ ጥርጣሬው ሲመጣ ጸሎቱን እንደገና ሳልጀምር ጭንቀቱን ችዬ እንድቆይ ነው። እጄን አለመታጠብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ይህ ግን እግዚአብሔርን የማቃልል ያስመስለኛል።

የንስሐ አባቴ በጠየቅኋቸው ቁጥር «ልጄ፣ ጸሎትህ ደርሷል» ይሉኛል። ቤቴ ሳልደርስ ጥርጣሬው ይመለሳል፤ እንደገና እደውልላቸዋለሁ። ሐኪሜ ማረጋገጫ መለመኑ ራሱ ሕመሙን ያጠነክረዋል ትላለች፤ አምናታለሁ። እሳቸው ግን በፍቅር ነው የሚመልሱልኝ፤ መልስ አይስጡኝ ብል ቅር እንዳይላቸው እፈራለሁ።

ይህን ያለፋችሁ ወይም የምታክሙ፣ ሁለቱን ፊት ለፊት ማገናኘት ይሻላል ወይስ እኔው ላስረዳቸው? በምን ቃል ልጀምር?