«ጭረት እንኳ እንዳይደርስባቸው»፦ ስለ ሕፃናት ጨዋታ የተነሣ ክርክር

የመንደራ አባት፦
በከተማችን በጅማ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለወላጆች በላከው ማስታወቂያ፣ ልጆች በግቢው ማንጎ ላይ እንዳይወጡ፣ ዝናብ በጣለ ቀንም ከክፍል እንዳይወጡ መከልከሉን ሳነብ በጣም አዘንሁ። የተሰጠው ምክንያት «ጭረት እንኳ እንዳይደርስባቸው» የሚል ነው። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ፍረዱ፤ ይህ ትእዛዝ የአምስት ዓመት ልጅን ለወራት ከወንበር ጋር የሚያስር ነው።

እመ ሁለት፦
ማስታወቂያውን ያጻፍነው እኛው ወላጆች ነን። ልጃችን ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ በማግሥቱ በር ላይ ቆመን መምህርቷን የምንወቅሰው እኛ ነን። ዝናብ የነካው ግንድ ያዳልጣል፤ አንዲት መምህርትም ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ጊዜ ልትይዝ አትችልም።

የሒርማታ ልጅ፦
እኔን ያስቆጣኝ «ጭረት እንኳ» የሚለው ነው። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት ከፍታን፣ ፍጥነትን፣ ስለትን፣ ውኃና እሳትን፣ ትግልን፣ ከዐዋቂ ዓይን መራቅን ልጆች ራሳቸው የሚሹት ጨዋታ መሆኑን አሳይታለች። ፍርሃቱን በትንሽ በትንሹ ያልተለማመደ ልጅ መቼ ይልመደው? እኛ በአዌቱ ወንዝ እየዋኘን አድገን ምን ሆንን?

እመ ሁለት፦
ምን ሆንን ይላሉ? በወንዝ የቀሩት ልጆች እዚህ መጥተው ሊከራከሩዎት አይችሉም። በክረምት አዌቱ ሲሞላ አይተው ከሆነ ይህን ባልጻፉት ነበር።

መምህርት ከጂሬን፦
ወንዙን ከማንጎው ጋር አንድ ላይ ባንቆጥር ደስ ይለኛል። ልጅ ከዛፍ ሥር ቆሞ ከፍታውን በዓይኑ ይለካል፣ ቅርንጫፉን በእጁ ይፈትናል፣ ከፈራም ይመለሳል፤ የጎርፍን ጉልበት ወይም የደረቀን ቅርንጫፍ ግን ሊያውቅ አይችልም፤ እሱን አስቀድሞ ማስወገድ የእኛ የዐዋቂዎቹ ሥራ ነው። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ ይህንኑ ለይቶ፣ ጥበቃው የሚያስፈልገውን ያህል እንጂ የሚቻለውን ሁሉ ያህል እንዳይሆን መክሯል። የአውሮፓ የመጫወቻ መሣሪያዎች መለኪያም ቢሆን እስከ 3 ሜትር የሚደርስ የመውደቂያ ከፍታ ይፈቅዳል፤ ከሥሩ ግን አሸዋ ወይም የዛፍ ቅርፊትን የመሰለ ለስላሳ ነገር እንዲኖር ያዝዛል። እኛስ ድንጋዩን ለቅመን የቡና ገለባ ብናነጥፍ ምን ይከለክለናል?

የሒርማታ ልጅ፦
ገለባ በእኛ ዝናብ ይበሰብሳል፤ አሸዋ ይሻላል።

መምህርት ከጂሬን፦
አሸዋ ገንዘብ ይጠይቃል። ገለባው ሲበሰብስ ይለወጣል።

እመ ሁለት፦
አሸዋም ይሁን ገለባ፣ እስኪነጠፍ ድረስ ክልከላው ይቆይ። ካናዳዊው ሐኪም ልጄ እጇ ቢሰበር ከአጠገቤ አይቆምም።

የመንደራ አባት፦
እኅቴ፣ ስለ ማንጎው ያሉትን እቀበላለሁ እንበል፤ የዝናቡ ክልከላ ከአሸዋ ጋር ምን ያገናኘዋል? ካፊያ ማንንም አልሰበረም። «ጭረት እንኳ» የሚለው ቃል በማስታወቂያው ላይ እስካለ ድረስ ነገ መሮጥም ይከለከላል። እንዲሰረዝ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

እመ ሁለት፦
ይጠይቁ። እኔ ደግሞ እንዲጸና እፈርማለሁ፤ የሚፈርሙ እናቶችም ብቻዬን አይተዉኝም።

መምህርት ከጂሬን፦
ሁለታችሁም ከመፈረማችሁ በፊት መምህርቷን ጠይቋት።