ለጥብቅና ድርጅት ቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅ?

አዲስ ተመራቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ በሕግ ተመርቄ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የጥብቅና ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ልምዴ በፍርድ ቤት ካደረግኩት የተግባር ልምምድ ያለፈ ስላልሆነ፣ ጠያቂዎቹ በዋናነት የሚመዝኑት ምን እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ነባር ጠበቃ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚለየው የጽሑፍ ፈተናው ነው። አጭር የፍሬ ነገር ታሪክ ተሰጥቶዎት የክስ አቤቱታ እንዲያዘጋጁ ቢጠየቁ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 እና 223 የሚጠይቋቸውን ነጥቦች ማሟላትዎ፣ እንዲሁም ለጉዳዩ አግባብ ያለውን የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ውሳኔ (የበታች ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት የሚገባ የሕግ ትርጉም) መጥቀስዎ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይመሰክርልዎታል። የተሻረ ሕግ ከመጥቀስ ይጠንቀቁ፤ በሥራ ክርክር ጥያቄ ላይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምትክ የቀድሞውን 377/1996 የሚያነሳ ተፈታኝ ዛሬም አይጠፋም።

የቢሮ ሥራ አስኪያጅ፦ በነባር ጠበቃ ሐሳብ እስማማለሁ። ሆኖም ስለ ልምምድዎ ሲናገሩ የተከራካሪዎችን ስም ፈጽሞ አያንሱ፤ ምስጢር መጠበቅ የማይችል ሰው፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በእኔ በኩል አያልፍም። ስለ አለባበስ ብዙ አይጨነቁ፤ ንጹሕና ጨዋ ከሆነ በቂ ነው።

ሌላ አንባቢ፦ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ ዝም አይበሉ። ድርጅቱ ጀማሪዎችን ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና እንዴት እንደሚያግዝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ደመወዙን ግን እነሱ እስኪያነሱት ቢጠብቁ ይሻላል።