የፈረንሳይዋ «ኤርሚዮን» መድፏ በአንድ ደርብ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነኝ፤ ማታ ማታ ከቀርከሃና ከካርቶን የመርከብ ሞዴል እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት «ኤርሚዮን» የተባለችውን በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረች የፈረንሳይ ፍሪጌት (ባለ ሸራ የጦር መርከብ) ነው። ሁለት ደርብ የመድፍ መስኮት ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ሥዕሏን ልብ ብዬ ሳየው የታችኛው ደርብ ምንም መስኮት የለውም። ያኔ ሁለትና ሦስት ደርብ መድፍ የጫኑ መርከቦች ነበሩ አይደል? ታዲያ ይቺ ደካማ ነበረች? መጨረሻዋስ ምን ሆነ? ሞዴሉን የእህቴ ልጅ ለክፍሏ ልጆች ልታሳይ ስለሆነ ልጆቹን እንዳላሳስት ፈርቻለሁ።

ሸራ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ደካማ አልነበረችም፤ ሥራዋ ሌላ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ተሰልፈው ይታኮሳሉ፣ ፍሪጌት ግን ቀድማ ሄዳ ጠላትን ትቃኛለች፣ መልእክት ታደርሳለች፣ የንግድ መርከቦችን ታጅባለች። ፍጥነት ነው የሚያስፈልጋት። 26 ዋና መድፎች አሏት፣ የእያንዳንዱ ጥይት ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል፤ ከላይ ደግሞ 6 ትናንሽ መድፎች ተጨምረዋል። የታችኛው ደርብ የመርከበኞቹ መኝታ ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፦ መድፎቹ ከውኃው ከፍ ስለሚሉ ማዕበል ሲነሳም መስኮታቸው ይከፈታል። የታችኛው ደርባቸው ለውኃ የቀረበ ትልልቅ መርከቦች ግን ባሕሩ ሲናወጥ ውኃ እንዳይገባባቸው ያንን መስኮት መዝጋት ግድ ይሆንባቸዋል፣ ያኔ ትልልቆቹ መድፎቻቸው ሥራ ፈቱ ማለት ነው።

እንግዳ 12፦
ታሪኳን እኔ ልጨምር። ፈረንሳይ ውስጥ ሮሽፎር በተባለ ከተማ ተሠርታ በ1779 እ.ኤ.አ. ውኃ ላይ ወረደች። በማግስቱ ዓመት ላፋዬትን፣ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት የሚዋጉትን አሜሪካውያን ያግዝ የነበረውን ፈረንሳዊ መኮንን፣ ይዛ አትላንቲክን አቋርጣ ሚያዝያ ላይ ቦስተን ገባች፤ ላፋዬት ለአሜሪካውያኑ የያዘውም የፈረንሳይ ጦር ሊመጣላችሁ ነው የሚል መልእክት ነበር። ሰኔ ላይ «አይሪስ» ከተባለች የእንግሊዝ ፍሪጌት ጋር ተታኩሳ አዛዧ ላቱሽ ትሬቪል ቆሰለ። በሷ መጨረሻ ግን ሁሌም አዝናለሁ። የመድፍ ጥይት አልገደላትም፤ በ1793 ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ «ለ ክሯዚክ» በተባለ ቦታ አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች።

የደንገል ልጅ፦
ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልበል፣ ያደግሁት ታንኳ ሲሠራ እያየሁ ነው። የኛ የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ከጣና አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላቆሙት ይከብዳል፣ ቀዛፊው እስኪቸገር ድረስ ይሰምጣል፣ ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። የ«ኤርሚዮን»ን አምሳያ ሮሽፎር ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. ጀምረው በ2014 ባሕር አወጧት፣ በ2015 አሜሪካ ደርሳ ተመለሰች። በ2021 ለጥገና ከውኃ ስትወጣ ግን ፈንገስ እንጨቷን በልቶት ተገኘ። ያ ሁሉ የኦክ ግንድ! የደንገሉ አዲስ ታጭዶ ይታሰራል፣ የኦኩ ግን ዛፉ እስኪያድግ ስንት ትውልድ ያልፋል። ለልጆቹ ይህንንም ንገራቸው።

እንግዳ 12፦
አንድ ነገር ረሳሁ። መርከቧ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ክፍሏ ብቻ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ጣና በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሞዴልህ ከታች ጠፍጣፋ ከሆነ አስተካክለው።

የጣና ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጠፍጣፋ ነው የሠራሁት! የታችኛውን ደርብ መስኮቶች ዛሬ ማታ በካርቶን እደፍናለሁ፣ ሆዷንም ዝቅ አደርጋለሁ። እዚያ ደርብ ላይ ከክር የተሠሩ ትናንሽ መኝታዎች ልሰቅል ነው።