በአንድ ባሬላ ሁለት ዋጋ፦ ሳይት ላይ የሠራችሁ ምክር ስጡኝ

ታይም ኪፐሯ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ታይም ኪፐር ነኝ። የተቋራጩን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስም እመዘግባለሁ፣ ማታ ስም እጠራለሁ፣ ቅዳሜ ፔይሮል (የክፍያ መዝገብ) ሠርቼ አስፈርማለሁ። ነገሩ ያለው እዚያ ፔይሮል ላይ ነው።

ፎርሙ ላይ ግንበኛ አለ፣ አናጢ አለ፣ ፌሮ ሠራተኛ አለ። ሁሉም በሙያው ነው የተጻፈው። ወደ ታች ሲወረድ ግን «ጉልበት ወንድ» እና «ጉልበት ሴት» ይላል። ለወንዱ በቀን 500፣ ለሴቷ 400። ምን ሲሠሩ እንደዋሉ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ባሬላ ታውቃላችሁ አይደል? ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው። ባለፈው የሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ማለቴ ነው፣ አርማታ ሲሞላ ሚክሰሩ ታች ነበር፣ ባሬላው የሚወጣው በእንጨት መወጣጫው በኩል ነው። ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ሰው ላይ ነው። ከፊት አንድ ጎረምሳ፣ ከኋላ አንዲት ሴት ነበሩ። በቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃለች፣ መያዣው እጇን እንዳይልጣት ያረጀ ካልሲ ጠምጥማበታለች። አርማታ ከተጀመረ እስኪያልቅ ደግሞ ማረፍ ብሎ ነገር የለም። ቅዳሜ የፊተኛው በ500፣ የኋለኛዋ በ400 ተሰላላቸው። ያሰላሁት እኔው ነኝ።

ጠየቅሁ። ፎርማናችን «የገበያ ዋጋ ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነው» አለኝ። ኢንጂነሩ ደግሞ «ወንዱ ቤተሰብ ያስተዳድራል» አለ። ወይ ማስተዳደር! ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ፣ አብዛኞቹ ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ናቸው። ወንዶቹ በብዛት ከክልል የመጡ ላጤዎች ናቸው፣ ተሰብስበው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚያድሩ። እነሱም ኑሮ ከብዷቸዋል፣ አልፈርድባቸውም። ግን ምክንያቱ ከእውነታው ጋር አይገናኝም።

ሴቶቹ ራሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። አንዷን «ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብላት ወደ በሩ በአገጯ አመለከተችኝ። ሥራ ሳያገኙ የቀሩት ገና እዚያው ቆመው ነበር።

ጥያቄዬ፦ ሳልባረር ይህን ማስተካከል የምችልበት መንገድ አለ? ሕጉስ ለቀን ሠራተኛ ይሠራል? እኩል ሲከፈል ያያችሁበት ሳይት አለ?

ፎርማን ነኝ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው። ግን ሳይት ላይ ቆመሽ እንጂ ተሸክመሽ አታውቂም መሰለኝ። እኔ ከጉልበት ሠራተኝነት ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከመኪና የሚያወርደው ማነው? መሠረት የሚቆፍረው ማነው? ሴቷን አርማታውን ውሃ አጠጪ፣ ጥረጊ፣ አቀብዪ ነው የምላት። ባሬላ የምትይዘው ሰው ሲያጥር ነው። የዋጋው ልዩነት ለዚያ ነው።

ሌላም አለ። እኩል ይከፈል ካልሽ አሠሪው ነገ «ታዲያ ወንድ አምጣልኝ» ነው የሚለው። 400 ያገኙ የነበሩት ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ነገር አታነካኪ።

ታይም ኪፐሯ፦

ወንድሜ፣ ስለ መሠረት ቁፋሮው እውነትህን ነው፣ እኛም ጋ የሚቆፍሩት ወንዶች ናቸው። ሲሚንቶውን የሚያወርዱት ግን የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ዋጋ ቆርጠው ያወርዳሉ፣ የእኔ ፔይሮል ላይ የሉም።

በዚያ ላይ በቅርቡ የገባ አንድ ልጅ አለን። ገና አካፋ አያያዝ አልለመደም፣ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ውሃ ሲያጠጣ ነው የሚውለው። በ500። ከጎኑ ሌላውን ኮለን የምታጠጣው በ400። ልዩነቱ ለከባድ ሥራ ከሆነ ለዚህ ልጅ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

አሠሪው ወንድ ብቻ አምጣ ይላል ያልከው ግን እውነት ነው። የፈራሁት እሱን ነው።

ሕግ አንባቢ፦

ሕጉማ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል፣ አንቀጽ 42 ደግሞ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የእኩል ክፍያ ስምምነት፣ ቁጥር 100ን፣ በ1991 ተቀብላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ 1156/2011፣ በፆታ ማበላለጥን ይከለክላል።

የቀን ሠራተኛ ነሽ ተብሎ ከሕጉ ውጭ መሆን የለም። በቃል የተደረገ የሥራ ውልም ውል ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው። የቀን ሠራተኛ እጇ ላይ ወረቀት የላትም። ያንቺ ፔይሮል ግን «ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል» ብሎ ራሱ ጽፎታል! ቅሬታ የሚቀርበው ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ያቀረብሽው አንቺ መሆንሽ ግን መታወቁ አይቀርም፣ እሱን አስቢበት።

«ገበያ ነው» የሚሉት ለምን እንደሚመቻቸው ልንገርሽ። በግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ያነሳል፣ እስከዚያው ዋጋ የሚቆረጠው አንቺ በምትመዘግቢበት በር ላይ ነው።

ኢንጂነሩ ስላለው ነገር ደግሞ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በእርግጥ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንስቶታል፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው። ኢንጂነሩ ያልተነገረው ይመስላል።

የእኔ ምክር፦ ስለ ሴትና ወንድ አታንሺ። ፎርሙን በሥራ ዓይነት ቀይሪው። ባሬላ፣ ቁፋሮ፣ ማጠጣት፣ ጽዳት ብለሽ ለየሥራው ዋጋ ይቆረጥ።

ፎርማን ነኝ፦

ያንን ብታደርጊ ሥራ የሚመድበው ፎርማን ነው። ሴቶቹን ሁሉ ማጠጣትና ጽዳት ላይ ቢመድባቸውስ? ፎርማን ስለሆንኩ ነው የምነግርሽ።

የብሎኬቷ፦

ይሄኛው እውነት ተናገረ።

እኔ መጀመሪያ ሰው ቤት ነበር የምሠራው። ሳይት የገባሁት ሸሽቼ ነው ማለት ይቻላል። ሳይት ቢያንስ ማታ ይለቁሻል። ሕግ አንባቢ የጠቀሰው አዋጅ የቤት ሠራተኛን እንደማይመለከት አንዱ ሲነግረኝ ስቄ ዝም አልኩ፣ ምን እላለሁ።

ሳይት ላይ እንደ ወንድ ተከፍሎኝ አያውቅም። ጤፍ ሻጩም አከራዬም ግን የሴት ዋጋ ብለው ቀንሰውልኝ አያውቁም። እኩል ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ለገጣፎ መንገድ ላይ ብሎኬት ማምረቻ ቤት። በቁርጥ ነበር፣ በፍሬ። ብሎኬቱ ማን እንደሠራው አይጠየቅም፣ ተቆጥሮ ይከፈላል። ወንዶቹ ግን «ታዘገየናለች» ብለው ሴት ቡድናቸው ውስጥ አላስገባም አሉ። እኛም ለብቻችን ቡድን ሠራን። ማሽኑ ላይ የሚቆም ወንድ ጠፍቶ አንድ ልጅ ከውጭ አመጣን። ስንት እንክፈለው ተብሎ ትንሽ ተከራከርን። አንዷ «ጉልበት ወንድ ብለን ለእሱ እንቀንስበት» ብላ አሳቀችን። በመጨረሻ እንደ እኛው ተካፈለ።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። በቁርጥ ስትሠሪ የታመምሽበት ቀን የለም፣ ያረገዝሽበትም የለም። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን በክፍያ ይላል አይደል? እኔ ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቀኝ። ማታ ቤት ስገባም እንጀራው አለ፣ ጀሪካኑ አለ፣ ልጆቹ አሉ። ባሌም ሳይት ነው የሚውለው። እሱ እግሩን ታጥቦ ጋደም ይላል። የእኔን የማታውን በቁርጥ የሚከፍል አልተገኘም።

ሌላው፣ ስም ጠሪ ሆነሽ ስላገኘሁሽ ልንገርሽ። ከእኔ ጋር የነበሩ አንዳንድ ሴቶች ጠዋት የሚገቡት ለፎርማኑ ስልክ ቁጥር ከሰጡ ነበር። በር ላይ ስትመዘግቢ ማን እንደሚመርጥና እንዴት እንደሚመርጥ እይ። ከመቶ ብሩ በፊት የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ታይም ኪፐሯ፦

የብሎኬቷ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የበሩን ነገር ከዛሬ ጀምሮ በምርጫ ሳይሆን በመጡበት ተራ እመዘግባለሁ። ያ በእኔ እጅ ነው፣ ማንንም አላስፈቅድም።

በሥራ ዓይነት የተከፋፈለውን ፎርም አዘጋጅቼ ለኢንጂነሩ ሰጥቻለሁ። ማን የት እንደተመደበ በየቀኑ የሚጻፍበት ቦታም ጨምሬበታለሁ፣ ሴቶቹ ሁሉ ጽዳት ላይ ከተከመሩ ወረቀቱ ላይ ይታያል። «ከሚቀጥለው ሶሌታ በኋላ እናየዋለን» አለኝ። ያው እንደምታውቁት፣ «እናየዋለን» ሳይት ላይ ብዙ ትርጉም አለው።

እስከዚያ ብሎኬት ወደ ፎቅ ማውጣቱን በቁርጥ እናድርገው ብዬ ልጠይቅ ነው፣ እሱ ለአሠሪውም ስለሚፈጥንለት እምቢ አይልም ብዬ አስባለሁ። በቁርጥ ብሎኬት ያወጣችሁ ካላችሁ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ፎቅ በፍሬ ስንት ስንት ነው የሚከፈለው? የተሰበረውስ በማን ነው የሚታሰበው? እሱን ካላወቅሁ ሴቶቹን ላስበላቸው ነው።