ጥቆማ፦ መብራት መሄዱን ለአርዱይኖ የሚነግር ሪሌ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ጫጩት አሳድጋለሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ሳልነቃ ከቀረሁ ያልቁብኛል። በባትሪ የሚሠራው አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) መብራት መሄዱን አውቆ እንዲጮህ ፈልጌ ሱቅ ስጠይቅ ሰማያዊውን የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ሞጁል ሰጡኝ። 220 ቮልቱን በየት በኩል ላስገባበት?

መልስ፦ በየትም በኩል አያስገቡበት! ያ ሞጁል ከቦርዱ ትእዛዝ ተቀብሎ አምፖል የሚያበራ ነው። ኮይሉ (ማብሪያውን የሚስበው የሽቦ ጥቅል) የ5 ቮልት ስለሆነ 220 ሲነካው ይቃጠላል። ለእርስዎ የሚሆነው ኮይሉ ራሱ የ220 ቮልት የሆነ፣ መቀመጫው ላይ የሚሰካ ባለ ስምንት እግር ሪሌ ነው፤ ለምሳሌ ኦምሮን ኤምዋይ2። እኔ በሰፈራችን ሱቆች አጥቼው መርካቶ የሞተር መቆጣጠሪያ ዕቃ ከሚሸጡት ገዛሁት። መቀመጫውን አብረው ይግዙ፤ በብሎን ስለሚታሰር ብየዳ አያስፈልገውም። ጽሑፉንም እዚያው ቆመው ያንብቡ። መጀመሪያ የሰጡኝ ባለ 24 ቮልቱን ነበር፤ መልካቸው አንድ ነው።

የ220ው ሁለት ሽቦዎች፣ ፌዝና ኒውትራል፣ መቀመጫው ላይ 13 እና 14 የሚል ቁጥር ባለበት ይታሰራሉ። የመቀመጫውን 9 ቁጥር ከቦርዱ ግራውንድ (GND ከተጻፈበት)፣ 5 ቁጥሩን ከቦርዱ ፒን 2 ጋር ያገናኙ። በኮንታክቱ (በ9 እና በ5 መካከል ባለው ማብሪያ) በኩል የቤቱ ኤሌክትሪክ ፈጽሞ አይገባም፤ ደኅንነቱ እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ሆኖ የቀረውን ሁለተኛ ኮንታክትም ለ220 አይጠቀሙበት።

ከፒኑ ወደ 5 ቮልት አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ። ቦርዱ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ የሚያሳልፈው ቢበዛ ሩብ ሚሊ አምፔር ነው፤ ይህ ሪሌ ግን በ5 ቮልት ቢያንስ አንድ ሚሊ አምፔር ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ ከጊዜ በኋላ ኮንታክቱ እየነካ እንኳ ላያስተላልፍ ይችላል። በአንድ ኪሎ ኦም 5 ሚሊ አምፔር ያገኛል። መብራት ሲኖር ፒኑ ዜሮ ያነባል፤ ሲሄድ አንድ። ኮንታክቱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለሚንቀጠቀጥ ፕሮግራሙ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቆ ይወስን።

ሌላ አስተያየት፦ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? አሮጌ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ 5 ቮልቱን በ10 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ፒኑ መላክ፣ ግራውንዶቹን ማገናኘት፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድም 20 ኪሎ ኦም ማሰር ይበቃል።

መልስ፦ ይሠራል፤ 20ው ኪሎ ኦም ስላለ ፒኑ የሚያየው 3.3 ቮልት ገደማ ነው፣ በ3.3 ቮልት ለሚሠራው ኢኤስፒ32 ቦርድም ይስማማል። የማልወደው ርካሽ ቻርጀሮችን ነው። በ220ውና በ5ቱ መካከል ያለው መለያ ስስ የሆነባቸው አሉ፤ ያ ከተበሳ ቦርዱንም ሰውንም ያገኛል። ከታወቀ ስልክ ጋር የመጣ ከሆነ አልቃወምም።

የ220ውን ማሰር ለቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይስጡ እንጂ ለቴሌቪዥን ጠጋኝ አይስጡ። ጠጋኙ ቦርዱን ያውቃል፤ ብሬከር አጥፍቶ፣ ሽቦውን በሳጥን ከድኖ መሄድ ግን የሌላኛው ልማድ ነው።

ጠያቂው፦ ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። ሰማያዊውን ይመልሱልኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመልሱት። ትራንዚስተርና ዳዮድ ስላለው ከፒን በቀጥታ ይታዘዛል፤ መብራት ሲሄድ የባትሪውን ደወል ያስጮህልዎታል።