ሴፍ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር የዲስኩ ባለቤት ይቀየራል፤ ኦኤስዲ አይነሳም

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ትንሽ የሰርቨር ክፍል 3 ሰርቨሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ 4 ዲስክ፣ ሁሉም ኡቡንቱ። ሴፍ (Ceph፣ ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ዲስኮች ላይ አከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) መጀመሪያ በኡቡንቱ ፓኬጅ ተጭኖ ነበር፤ በኋላ በሴፍአድም (cephadm፣ የሴፍ መጫኛና ማስተዳደሪያ መሣሪያ) ወደ ኮንቴይነር (የራሱ ፋይሎችና ተጠቃሚዎች ወዳሉት የተለየ ማስኬጃ) ተዛውሯል።

መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ካለቀ፣ ሰርቨሮቹ ሲመለሱ 2ኛው ላይ ያለው ኦኤስዲ 5 (OSD፣ አንድን ዲስክ የሚያስተዳድር የሴፍ ፕሮግራም) አይነሳም። ሎጉ «ስህተት 13፣ ፈቃድ ተከልክሏል» ይላል። የዲስኩ ባለቤት የተጠቃሚ ቁጥር (UID) ሲታይ 64045 ነው። ይህ የኡቡንቱ ፓኬጅ ለሴፍ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ሴፍ ግን 167 ነው። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት! ስለዚህ «ቾውን» (chown፣ የፋይል ባለቤት መቀየሪያ ትዕዛዝ) ሰርቨሩ ላይ በስም ከተሰጠ ያው 64045 ስለሚሆን ስህተቱ አይፈታም፤ በቁጥር 167 ስሰጠው ወዲያው ይነሳል፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ።

ጥርጣሬዬ የድሮው ፓኬጅ የሴፍ ቮልዩም ሰርቪስ (ceph-volume፣ ዲስኮቹን ለኦኤስዲ የሚያዘጋጅ) አሁንም ኢኔብል ሆኖ ቡት ሲደረግ ከኮንቴይነሩ ጋር ይሽቀዳደማል የሚል ነው። ኦኤስዲ 5 ላይ ብቻ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ዳታው 3 ቅጂ ስላለው እየተነበበም እየተጻፈም ነው። 

ሰርቪሱን ዲሴብል ማድረግ ይበቃል ወይስ የኦኤስዲ ፓኬጁን ከሰርቨሩ ማጥፋት አለብኝ? ካጠፋሁትስ ኤልቪኤሙ (LVM፣ የኦኤስዲው ዳታ ያለበት የዲስክ ክፍፍል) ላይ ያለው ዳታ ይነካል? እባካችሁ «777 አድርገው» (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ ስጥ) አትበሉኝ።