በእርሳስ የተሞሉ አሮጌ የስፒድዌይ ፕሮግራሞች፤ የብሪታንያን የድሮ ቡድኖች የምታስታውሱ ካላችሁ

ባለ ሳጥኑ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ባለፈው ወር ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ «አንተ ወረቀት አትጥልም» ብለው አንድ ሳጥን ሙሉ የስፒድዌይ ፕሮግራም ትተውልኝ ሄዱ። ስለ ስፒድዌይ የማውቀው ከእሳቸው የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ፍሬን የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በሞላላ መም ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው ብለውኛል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የታተሙ ሲሆኑ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ የማንቸስተሩ ቤል ቩ፣ የክራድሊ ሂዝ፣ የኦክስፎርድ፣ የኮቨንትሪና የኢፕስዊች ስም ይበዛባቸዋል።

የገረመኝ፣ ከመካከላቸው ሳይጻፍበት የቀረ አለመኖሩ ነው። በየገጹ ያሉት ትናንሽ ሳጥኖች 3፣ 2፣ 1 እና 0 በሚሉ ቁጥሮች በእርሳስ ተሞልተዋል፤ አንዳንዱ ቁጥር አናቱ ላይ ጭረት አለው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በቁጥር ፈንታ ፊደል ገብቷል። ለየት ያለብኝ አንድ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 1989 በብራድፎርዱ የኦድሳል ስታዲየም ለተካሄደው የዓለም የቡድን ዋንጫ ፍጻሜ የታተመው ፕሮግራም የሞተረኞቹ ስም በጥንቃቄ ታርሞበት ሳለ፣ ከመጀመሪያው ሩጫ ወዲያ ምንም አልተጻፈበትም። ዝናብ ጥሎባቸው ወጥተው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ደውዬ እንዳልጠይቃቸው አሁን በስልክ መስማት ይቸግራቸዋል።

እነዚህን ቡድኖች በዓይኑ ያየ ወይም ካዩት የሰማ ሰው ካለ፣ ምልክቶቹ እንዴት እንደሚነበቡና ስማቸው ደጋግሞ የሚመጣው ሞተረኞች እነማን እንደነበሩ ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው። ከስታዲየሞቹ ብዙዎቹን በካርታ ላይ ፈልጌ ስላጣኋቸው፣ የት እንደገቡ ባውቅም ደስ ይለኛል።


የሃይድ ሮድ ደጋፊ፦

ሳጥኑ ከቆሻሻ መጣያ መትረፉ በራሱ ደስ ያሰኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማንቸስተር ውስጥ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ማታ ከቤል ቩ ስታዲየም፣ ከሃይድ ሮድ፣ የማልገኝበት ሳምንት ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ በምልክቶቹ ልጀምር።

በአንድ ሩጫ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ሞተረኞች ይሰለፋሉ። መነሻው ላይ የተዘረጋው ገመድ ወደ ላይ ሲነሳ ይለቀቁና አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኙ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቁጥሩ አናት ላይ ያለችው ጭረት የምትነግርዎ፣ ያ ሞተረኛ የራሱን የቡድን ጓደኛ ተከትሎ ከተቃራኒዎቹ ቀድሞ መግባቱን ነው። ጓደኛውን ለማለፍ ከመታገል ይልቅ ከኋላ ሆኖ ተቃዋሚዎችን ስለያዘለት ተጨማሪ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ይህ ነጥብ ግን በሞተረኛው ክፍያና አማካይ ውጤት ላይ እንጂ በቡድኑ ድምር ላይ አይገባም። ጎረቤትዎ ጭረቷን ሳይረሱ ማስገባታቸው ልምድ ያላቸው ተመልካች እንደነበሩ ያሳያል። ፊደሎቹ ደግሞ ሞተረኛው መውደቁን፣ በዳኛው ከሩጫው መታገዱን ወይም ሞተሩ ቆሞበት ማቋረጡን የሚያመለክቱ ናቸው።

ዘመኑን ለመለየት የሁለቱን ቡድኖች ነጥብ ይደምሩ። አንድ ሩጫ 6 ነጥብ ስለሚያከፋፍል፣ ድምሩ 78 ከሆነ ግጥሚያው 13 ሩጫ ነበረው፤ በሳጥንዎ ውስጥ የሚበዛው ይኸው ይመስለኛል። ድምሩ 90 ከሆነ በኋላ የመጣው የ15 ሩጫ ሥርዓት ነው፤ 84 ካገኙ ግን እጅዎ ላይ ያለው በጣም የቆየ ነገር ነውና ቀስ ብለው ይያዙት።

ወደ ሃይድ ሮድ ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበልዎት ሽታው ነበር። ሞተሮቹ በሜታኖል የሚሠሩና የጉሎ ዘይት የሚፈስባቸው ስለሆኑ፣ ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ኮት ላይ እስከ ማክሰኞ ድረስ ይቆያል። መሙ ሰፊና ፈጣን ስለነበር በሌሎች ጠባብ ስታዲየሞች የማይታይ የመቀዳደም ትርኢት እናይበት ነበር። በ1976 ፖላንድ ካቶቪትሰ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፒተር ኮሊንስ ከመነሻው ዘግይቶ ሲወጣ ጭራሽ ደስ ይለን ነበር፤ የውጭውን አጥር ታክኮ፣ የኋላ ጎማው ድቃቂ ድንጋይ እየረጨብን፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ ሲያልፋቸው ለማየት ነው። ቤል ቩ በ1982 የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ እሱና ክሪስ ሞርተን አብረው ነበሩ።

ከጎኔ የሚቆሙት ሽማግሌዎች ግን ከፒተር ክሬቨን ወዲያ ሞተረኛ አልተወለደም ባዮች ነበሩ። ክሬቨን ትንሽ ሰው ስለነበር ሞተሩን በጉልበት ሳይሆን በሚዛን ነው የሚገዛው ይሉ ነበር። በ1955 እና በ1962 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1963 ኤድንብራ ላይ ከፊቱ የወደቀ ሞተረኛ ላለመግጨት ሲሸሽ አጥር መትቶ፣ ከቀናት በኋላ አረፈ። ስሙ ሲነሳ እነዚያ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው የኒውዚላንዱ አይቫን ሞገር ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከእነዚህም አንዳንዱን የቤል ቩ ሞተረኛ ሳለ ነው ያገኘው። ቡድኑም በ1970፣ በ1971 እና በ1972 ሊጉን በተከታታይ ወስዷል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ሞገር ነው፤ ኮሊንስን የምወደው ግን ይበልጥ ነው።

ሃይድ ሮድ በ1987 መጨረሻ ተሸጦ ፈረሰና የመኪና ጨረታ የሚካሄድበት ግቢ ሆነ። ቡድኑ አቅራቢያው ወዳለው የውሻ እሽቅድምድም ስታዲየም ተዛወረ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ማንቸስተር በተሠራለት አዲስ ስታዲየም ይወዳደራል።


ዳድሊ ዉድ 81፦

ጎረቤትዎን ያስቆማቸው ዝናብ አይደለም። እኔም በዚያን ቀን ኦድሳል ነበርኩ።

ነገሩን ለመረዳት ከክራድሊ ሂዝ ስታዲየም፣ ከዳድሊ ዉድ፣ መነሳት ያስፈልጋል። ክራድሊ ሂዝ ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በ1980ዎቹ ግን የዓለም ሻምፒዮኖች በየሳምንቱ የሚወዳደሩት እዚያ ነበር። አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሆል በ1981 ዌምብሊ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የእኛ ሞተረኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሊጉንም ወሰድን፣ በ1983ም ደገምነው። ፔንሆል በ1982 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለተኛ ዘውዱን ደፍቶ ስፖርቱን ሲተው ቦታውን የያዘው ዴንማርካዊው ኤሪክ ጉንደርሰን ነው። በ1984፣ በ1985 እና በ1988 ሻምፒዮን ሆነ። ከመነሻው ገመድ ሥር እንደ ጥይት የሚወጣ፣ ከሩጫው በኋላ ግን አጥሩ ዳር ቆሞ ከሕፃናት ጋር የሚጫወት ሰው ነበር።

የዘመኑ ወግ የእሱና የሀንስ ኒልሰን ፉክክር ነበር። ኒልሰንም ዴንማርካዊ ሲሆን የኦክስፎርድ ሞተረኛ ነበር፤ በ1986፣ በ1987 እና በ1989 አሸነፈ፣ በ1995ም አራተኛውን ጨመረ። ከፍርድ ሳላጎድል ልናገር፤ ኒልሰን በመስመር አመራረጡ እንከን አልነበረበትም፣ ኦክስፎርድንም በ1985፣ በ1986 እና በ1989 የሊግ ሻምፒዮን አድርጓል። እኛ ግን አንወደውም ነበር። የማያጠፋን ሰው መውደድ ይከብዳል፣ በተለይ የተቃራኒ ቡድን ከሆነ። በ1985 እዚያው ኦድሳል ላይ ጉንደርሰን፣ ኒልሰንና አሜሪካዊው ሳም ኤርሞሌንኮ እኩል ነጥብ ይዘው ጨርሰው ዘውዱ በአንድ ተጨማሪ ሩጫ ሲወሰን፣ ያሸነፈው የእኛው ሰው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ብራድፎርድ የሄድነው ያንን ምሽት እያወጋን ነው።

የ1989ኙ ፍጻሜ የመጀመሪያው ሩጫ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አራቱም ሞተረኞች ተጋጩ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ጉንደርሰንና ሳይመን ክሮስ፣ የክራድሊ ልጆች ነበሩ። ጉንደርሰን ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ስታዲየሙ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ አምቡላንሱ በድቃቂው ድንጋይ ላይ ሲሄድ የጎማው ድምፅ ይሰማ ነበር። ውድድሩ በኋላ ቀጥሎ እንግሊዝ ዋንጫውን ወሰደች፤ ነገር ግን በዙሪያዬ ከነበሩት ውስጥ እርሳሱን መልሶ ያነሳ ሰው አላየሁም። የእኔም ፕሮግራም እንደ ጎረቤትዎ ባዶ ነው። ጉንደርሰን ከሞት ተርፎ እንደገና ለመራመድ በቃ፣ የዴንማርክን ብሔራዊ ቡድንም መራ፤ ወደ ውድድር ግን አልተመለሰም።

ከላይ ለጻፉት ወንድሜ አንድ ተቃውሞ አለኝ። የሞገርን ስድስት ዘውድ አልክድም፤ ሆኖም ስዊድናዊው ኦቨ ፉንዲንም በ1956 እና በ1967 መካከል አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ ከእነዚህ አራቱን ያገኘው ለኖርዊች እየተወዳደረ ነው። የሽማግሌዎቹን ምስክርነት ለክሬቨን ከተቀበሉ ለእሱም ሊቀበሉለት ይገባል።

ዳድሊ ዉድ በ1995 መጨረሻ ተዘጋ። ቦታው አሁን መኖሪያ ቤት ነው።


ባለ ሳጥኑ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኦድሳሉን ፕሮግራም ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ዝናብ ነው ብዬ በማሰቤም አፈርኩ።

ድምሮቹን ሳሰላ አመሸሁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም 78 ሲሆኑ፣ ከሳጥኑ ሥር ሽፋኑ የተቀደደ አንድ ፕሮግራም 84 ሰጠኝ። ዓመት የለውም። በባለሜዳው በኩል ዌምብሊ ተጽፎ ቢል ኪችን፣ ቶሚ ፕራይስ፣ ስፕሊት ዋተርማንና ፍሬዲ ዊሊያምስ የሚሉ ስሞች ይነበባሉ። ግራ የገባኝ የገጹ ግርጌ ነው፤ ቦታውን የዊምብልደኑ ፕላው ሌን ይለዋል። ዌምብሊ ባለሜዳ ሆኖ ዊምብልደን ላይ መወዳደሩ የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆን?


የመም ዳር፦

ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ዓመቱን የሚነግርዎ እሱ ነው። ግን ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ፤ ስታዲየሞቹ የት ገቡ ለሚለው ጥያቄዎም መልሱ ዌምብሊ ላይ ስለሚጀምር ነው።

ስፒድዌይ በብሪታንያ ሥር የሰደደው በፌብሩዋሪ 1928 ለንደን ዳር ኤፒንግ ደን ውስጥ ሃይ ቢች በተባለ ቦታ ከተካሄደው ውድድር በኋላ ነው። ከተጠበቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሰው መጥቶ መሙ ላይ ሳይቀር ስለቆመ፣ ባለ ስታዲየሞቹ ገንዘቡ የት እንዳለ ወዲያው አዩ። የዌምብሊው ባለቤት አርተር ኤልቪን በ1929 የራሱን ቡድን፣ አንበሶቹን፣ አቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም በ1936 የተካሄደው እዚያው ነው፤ የዌስት ሃሙ ብሉይ ዊልኪንሰን በዚያ ምሽት አምስቱንም ሩጫ አሸንፎ ሳለ፣ ከማጣሪያ የመጣ ነጥብ ስለተደመረ ሦስተኛ ተባለ። አውስትራሊያዊው ላየነል ቫን ፕራግ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ይህን እንደ ዝርፊያ ነው የማየው፤ ዊልኪንሰን በ1938 ማሸነፉ ትንሽ ያጽናናል።

ከጦርነቱ በኋላ ዌምብሊ ላይ በአንድ ምሽት ከ50,000 በላይ ሰው መግባቱ ብርቅ አልነበረም። በእርስዎ ፕሮግራም ያሉት ኪችንና ፕራይስ የዚያ ዘመን ዓምዶች ናቸው፤ ፕራይስ በ1949 የመጀመሪያው እንግሊዛዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ የዌልሱ ዊሊያምስ በ1950 እና በ1953 ተከተለው። በኋላ ግን በመዝናኛ ላይ የተጣለው ከባድ ቀረጥና ቴሌቪዥኑ ተመልካቹን አሳሱት፤ ኤልቪን በ1957 መጀመሪያ ሲሞት ቡድኑም አብሮት አበቃ፣ በ1970 ለሁለት ዓመት ተመልሶ ከመምጣቱ በቀር። ዋናው ችግር አብዛኞቹ ቡድኖች የቆሙበት መሬት የራሳቸው አለመሆኑ ነው። ባለንብረቱ ሲሞት፣ ሲሸጥ ወይም የውሻ እሽቅድምድሙ ብቻ ይበቃኛል ሲል ሞተረኞቹ ይወጣሉ። ዌስት ሃም በ1972 ተዘግቶ ቤት ሲሠራበት፣ መንገዶቹ ዊልኪንሰንን ጨምሮ በቡድኑ ሰዎች ስም ተሰየሙ፤ ለብዙዎቹ ግን ይህም አልደረሳቸውም። የኮቨንትሪው ብራንደን ከ2016 ወዲህ ፈራርሶ ቆመ፣ የዎልቨርሃምፕተኑ ሞንሞር ግሪንም በ2023 ስፒድዌይን አሰናበተ። ኦክስፎርድ ግን በ2007 ተዘግቶ በ2022 ተመልሷል።

አሁን ወደ ፕሮግራምዎ። ዋተርማንና ዊሊያምስ ዌምብሊ የገቡት በ1947 ነው፤ ዋተርማን በ1950 ወደ ሌላው የለንደን ቡድን፣ ወደ ሃሪንጌይ፣ ሄዷል። ስለዚህ አራቱ ስሞች አንድ ላይ ከተገኙ ዘመኑ ከ1947 እስከ 1949 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በ1948 የበጋ ወራት ደግሞ የዌምብሊ ስታዲየም ለለንደኑ ኦሎምፒክ ስለተያዘ አንበሶቹ የባለሜዳ ግጥሚያቸውን በፕላው ሌን አካሂደዋል። እጅዎ ላይ ያለው የዚያ ዓመት ፕሮግራም ነው። ገጾቹን የያዘው ሽቦ ዝጎ ከሆነ በጥንቃቄ ያውጡት፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። እርሳሱን ግን አይንኩት።


ባለ ሳጥኑ፦

ሽቦውን አውጥቻለሁ፤ ዝጎ ነበር። ጎረቤቴ በ1948 የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። የዚህ ፕሮግራም ቁጥሮች በሌሎቹ ላይ ካሉት ይልቅ ትላልቅና የተንጋደዱ ናቸው፤ ጭረቷም አንድም ቦታ የለችም።